ለመንገዱ ብቻ

የሸዋል ወር ገብቶ ሰው ሁሉ ከጾሙ ድካም ሲያገግም ኡሙሰልማን ግን ጭራሽ ባሰባት። አዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከእህል መጋዘኗ ደጃፍ፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ታሻለች። ውስጥ የሁሩታ ስንዴ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ተሸካሚዎቹ ሲወጡና ሲገቡ አንድ ቃል ሳትናገር በዓይኗ ትከተላቸዋለች። ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ባሏ ሱሩር ከሞተ ወዲህ ይህን መጋዘን ጸንቶ እንዲቆም ያደረገችው እሷ ናት። ልጇ መሐመድሰዒድ በገበያው መሃል የጨርቅ ሱቅ ሊከፍት የቻለውም ከዚሁ በወጣ ትርፍ ነው።

አሁን የምትፈልገው ማረፍ ነው። ከማረፏ በፊት ደግሞ ሐጅ ማድረግ። «ያን ቤት አንድ ጊዜ አይቼ ልመለስ እንጂ ከዚያ ወዲያ ቁና በእጄ አልይዝም» ትላለች።

ጉዞውን ያሰበችው ባሏ በሞተበት ዓመት ነበር። ሱሩር ራሱ ሊሄድ ሲል ሲል ሳይሆንለት ነው ያለፈው። ከዚያ ወዲህ ከመካ የተመለሰ ሰው በአዳማ ባለፈ ቁጥር እቤቷ አሳርፋ፣ አብልታ፣ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ባቡሩ መጀመሪያ አዋሽ፣ በማግስቱ ድሬዳዋ እንደሚያድር፣ ጅቡቲ ላይ የመርከቡን ቀን እየጠበቁ በሙቀት መቀቀል እንዳለ፣ ባሕሩ መሃል አንዲት ደሴት ላይ ሐኪም ሰውን ሁሉ እያስወረደ እንደሚመረምር፣ ሳትሄድ ታውቀዋለች። የማይበላሸውን ስንቅም ለይታለች፤ የአርሲ ጭኮ በቅቤ በደንብ ከታሸ ብዙ ይቆያል። ከፈኗን፣ መገነዣ ጨርቋን፣ ሳይቀር ገዝታ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣለች። መንገድ ነውና ምን እንደሚመጣ አይታወቅም።

ነገር ግን በየዓመቱ አንድ ምክንያት አይጠፋም። አንድ ዓመት እዚያው መካ ጦርነት ነው ተባለ። በሌላው ዓመት መሐመድሰዒድ ያዘዘው ጨርቅ ከድሬዳዋ ሳይመጣ ቀረ። አምና ሁሩታ የተዳረችው ልጇ ፋዲላ ወለደች። «ለዓመት፣ እማ፣ እኔው ራሴ እወስድሻለሁ» ይላታል ልጇ። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ሱቁን ጥሎ መሄድ አልሆንልህ ብሎት ነው። ብቻዋን ልትሄድ አስባ ሼህ አብዱናሲርን ጠይቃ ነበር። «በእኛ መዝሀብ ሴት ልጅ ያን ያህል መንገድ ያለ መሕረም፣ ያለ ባል፣ ያለ ልጅ ወይም ያለ ወንድም አትወጣም» አሏት። ወንድሞቿ ወሎ አፈር ከገቡ ቆይተዋል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የራህመቶ በቅሎዎች ደረሱ።

ራህመቶ የስልጤ ሰው ነው። በወጣትነቱ ሱሩር ቀጥሮት አጋሰስ ይነዳ ነበር። ኋላ ጥቂት በቅሎዎች የራሱ አድርጎ ከሁሩታና ከአርሲ ነገሌ እህል እየጫነ ለዚሁ መጋዘን ማምጣት ጀመረ። ሚስቱ በኅዳር በሽታ ጊዜ ከሞተችበት ወዲህ ሌላ አላገባም። በእሱና በኡሙሰልማ መካከል የተባለ ነገር የለም። ግን ጭነቱን አራግፎ ውሃ ሲጠማው ጣሳውን ከእሷ እጅ ይቀበላል እንጂ ከተሸካሚዎቹ አይቀበልም። እሷም የሚመጣበት ቀን ሲቃረብ ሻሿን ትቀይራለች። ለምን እንደምትቀይር ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

«እንዴት ከረሙ፣ እትዬ?»

«አልሐምዱሊላህ። አንተስ? ጀርባህ እንዴት ነው?»

«ጀርባዬማ ከእኔ ጋር ከተጣላ ቆየ።»

ጣሳውን ተቀብሎ ጠጣ። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ በቅሎዎቹ አልሄደም፤ ራቅ ብሎ አንድ የእህል ጆንያ ላይ ተቀመጠ። መዳፉን መዳፉ ላይ እያሻሸ ቆየ።

«ይህ የመጨረሻዬ ነው፣ እትዬ።»

«የምኑ መጨረሻ?»

«የነጂነቱ። በቅሎዎቹን ለወዬሳ ልሸጥለት ተስማምተናል።» ወዬሳ አብሮት የሚመላለስ የሁሩታ ሰው ነው። «ባቱ ሐይቅ ዳር አንድ ቁራሽ መሬት ከነጎጆዋ ይዣለሁ። ሽንኩርትና ጎመን እተክላለሁ፣ ዓሣም አይጠፋም። ግን አስቀድሜ ዘንድሮ ሐጅ አደርጋለሁ ብያለሁ።»

ኡሙሰልማ ወደ መንገዱ ጥግ አየች። ከእንግዲህ በዚያ ጥግ ዞረው የሚመጡ በቅሎዎች የሌላ ሰው ናቸው ማለት ነው። መጋዘኑ ከነክምሩ ባዶ መሰላት።

«አላህ ይቀበልህ» አለች በመጨረሻ። «እኔ እንኳ ዘንድሮም የቀረሁ ነኝ።»

«ሼሁ ያሉትን ሰምቻለሁ።» ራህመቶ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። «እኔ ያሰብኩት … እርስዎ አብሮዎ የሚሄድ አጡ፣ እኔም ብቻዬን ነኝ። ኒካ ብናስርስ ብዬ ነው።»

ኒካ የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ የኡሙሰልማ ደረት ውስጥ አንድ ነገር ተነሣ። በዚህ ዕድሜዋ ይህ ይገጥመኛል ብላ አላሰበችም። እጇን ከጉልበቷ ላይ አንሥታ ሻሿን ያዘች።

እሱ ግን ቀጠለ። «መንገዱ ይቀናልዎታል ብዬ ነው። ስንመለስ እርስዎ ቤትዎ፣ እኔም ቤቴ። የሚከብድዎ ነገር አይኖርም።»

የተነሣው ነገር ተመልሶ ወደቀ።

«ለመንገዱ ነው?» አለችው ቀስ ብላ።

ራህመቶ ለአፍታ ቀና ብሎ አያት። ፊቷ ላይ ያየውን ግን ሌላ አድርጎ ተረዳው፤ የተቆጣች መሰለው። «አዎ» አለ። «ለመንገዱ ብቻ ነው።»

«አስብበታለሁ።»

ተነሥቶ ሄደ። እሷ ጣሳውን እንደያዘች እዚያው ቀረች። ዕድሜ ልኳን ሰው ለአንድ ነገር ሲፈልጋት ኖሯል፤ ለመጋዘን፣ ለልጅ፣ ለሒሳብ፣ አሁን ደግሞ ለመንገድ። እንዲያው ለራሷ የሚፈልጋት ሰው አለመኖሩ ያን ቀን እንደ አዲስ ቁስል ተሰማት።

* * *

የአዳማ ገበያ ወሬ አያሳድርም። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሰምቶ ኖሮ በማግስቱ መሐመድሰዒድ ጆሮ ገባ። ከዙሁር ሶላት እንደወጣ በቀጥታ ወደ እናቱ መጣ። የሱቁን ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ቆመ እንጂ አልተቀመጠም።

«እማ፣ የሰማሁት እውነት ነው?»

«ጠየቀኝ። መልስ አልሰጠሁትም።»

«የሚጠየቅ ነገር ነው እንዴ ይሄ? አባቴ የቀጠረው አጋሰስ ነጂ በአባቴ ቤት ጌታ ሊሆን? ነገ ሱቄ ደጃፍ ላይ ሰው ምን ይለኛል?»

«ማንም በአባትህ ቤት ጌታ አልሆነም።»

«መጋዘኑስ? የአባቴ ንብረት እስከ ዛሬ አልተከፋፈለም። ነገ ከነገ ወዲያ 'የሚስቴ ነው' ቢል ከማን ጋር ልሟገት ነው?»

ኡሙሰልማ ልጇን አየችው። የአባቱ ቅንድብ፣ የአባቱ አቋቋም። በልጅነቱ ወባ ይዞት በደረቷ አቅፋው ያነጋችባቸው ሌሊቶች ትዝ አሏት። አልተቆጣችውም፤ ለመቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል።

«ደክሞኛል፣ ልጄ» ብቻ አለችው።

እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። ቁልፉን ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠ ጥቂት አሰበና፣ «ዘንድሮ እኔ እወስድሻለሁ» አለ። «ሱቁን ዘግቼም ቢሆን እወስድሻለሁ። የእሱ መሕረምነት አያስፈልግሽም።»

ያን ቃል ስትጠብቀው ኖራለች። ደስ ይለኛል ብላ ጠበቀች፤ ደስታው አልመጣም። «አላህ ያክብርህ» ብላ ሸኘችው።

ወዬሳ ገበያ ውሎ ራህመቶን ተከትሎ ወደ ሁሩታ ሊመለስ ሲሰናበታት መልእክት ሰጠችው። «ለራህመቶ ንገርልኝ። ልጄ ዘንድሮ ይወስደኛል ብሏል። ለመንገዱ እንዳያስብ።»

ይህን ስትል በልቧ የያዘችው ሌላ ነበር። ይመጣል ብላ ነበር። መጥቶ፣ «መንገዱንስ ይተዉት፣ የጠየቅሁት ለሌላ ነው» ይላል ብላ። በቅሎ ኮቴ በሰማች ቁጥር ከዱካዋ ቀና ትላለች። ሻሿን ሁለት ጊዜ ቀየረች፤ ሦስተኛ ጊዜ ተወችው።

* * *

በቅሎዎቹ ሲመጡ ከወዬሳ ጋር ብቻ መጡ። ወዬሳ አማርኛው ላይ እርስዎ ማለት አይመጣለትም፤ ኡሙሰልማም ከእሱ ሲሆን አትቀየምም።

«አካም ጂርታ፣ ሃዳ ኬኛ? ደህና ነሽ ወይ፣ እናታችን?»

«ደህና ነኝ፣ ወዬሳ። ጓደኛህስ?»

«ባቱ ገባ። በቅሎዎቹንም አስረከበኝ፣ አለቀ።» ጭነቱን የሚፈታውን ገመድ እየሳበ ተናገረ። «ሐጁንም ትቶታል።»

«ለምን?»

«እኔ ምኑን አውቃለሁ። መልእክትሽን ነገርኩት። 'እሷ መንገድ አገኘች' ብቻ አለኝ።»

ገመዱን ፈትቶ ጨርሶ እንኳ ወዬሳ አልሄደም። አንገቱን አከከ። «ዱጋ ልንገርሽ፣ እውነቱን። እኔና እሱ ስንት ዓመት አብረን ሁሩታ አድረናል። ወደ ሌላ ቦታ ስንጭን ቀስ ነው የሚል። ወደ አዳማ የምንጭን ቀን ግን ጎህ ሳይቀድ ይነሣና በቅሎዎቹን ያጣድፋል። 'ምን ያስቸኩልሃል?' ስለው 'ፀሐዩ ሳይበረታ' ይለኛል። ደመና በሆነ ቀንም 'ፀሐዩ' ይለኛል።»

ኡሙሰልማ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቷን ወደ መጋዘኑ አዞረች። ወዬሳ ያላየ መስሎ ጆንያ አንሥቶ ገባ። ለካ እዚያ መንገድ ላይም ሰው ይናፍቅ ኖሯል። እሷ ዱካዋ ላይ ሆና ስትጠብቅ፣ እሱ ደግሞ በዚያ ደረቅ ሜዳ በቅሎ ሲያጣድፍ፣ ሁለቱም አንድም ቀን ሳይናገሩ።

* * *

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሁሉ በእርጋታ አደረገች። መጀመሪያ ፋዲላን ከሁሩታ አስጠራች። ቀጥላ ሼህ አብዱናሲርን ለመነቻቸው። ልጆቿ በተቀመጡበት፣ «የሱሩር ንብረት ሳይከፋፈል መቆየቱ ጥፋቱ የእኔም የልጆቼም ነው» አለች። «ሐጅ የምትወጣ ሴት የሰው ሐቅ በእጇ ይዛ አትወጣም። እንደ ሸሪዓው ያካፍሉን።»

ሼሁ አካፈሉ። መጋዘኑና ትልቁ ቤት ለልጆቹ ደረሰ። እሷ ለሚስት የሚደርሰውን ስምንተኛ እጇን በጠገራ ብር ወሰደች። ብዙ አልነበረም። ለአንድ ሰው የሐጅ መንገድ በቂ ነው፣ ከዚያም ጥቂት ይተርፋል።

መሐመድሰዒድ የመጋዘኑ ነገር ሲያልቅ ትከሻው ዝቅ አለ። ያን እፎይታውን እናቱ አየችበት። ታውቀው ነበር፤ ስታየው ግን አመማት።

«አሁን ስሚኝ፣ እማ» አለ፣ በእፎይታው አፍሮ እንደሆን አይታወቅም። «እወስድሻለሁ ያልኩት ቃሌ ነው። በሚመጣው ሳምንት ባቡር እንሳፈራለን።»

«ቃልህን ተቀብያለሁ፤ ብድርህን አላህ ይክፈልህ። አንተ ግን ሱቅህን ጠብቅ።» እጁን ያዘችው። «ከአንተ የምፈልገው ሌላ ነው። ራህመቶ ከፈቀደ ወሊ፣ ዳሪዬ፣ ሆነህ ኒካዬን የምትሰጥ አንተ ነህ። በሌላ ሰው አፍ አልፈልገውም። አሁን የሚወስድብህ ነገር የለም፤ እኔን ካልሆነ በቀር።»

ልጁ እጁን አልነጠቃትም። ዓይኑን ግን ወደ በሩ መለሰ። ፋዲላ ሕፃኗን እያባበለች አቀርቅራ ታለቅስ ነበር። ኡሙሰልማ ሁለቱንም እያየች፣ ከራሷ ልጆች ፈቃድ መለመን ምን ያህል እንደሚያደክም አሰበች።

* * *

ወዬሳ ሚስቱን ይዞ ወደ አርሲ ነገሌ እህል ሊጭን ሲነሣ ኡሙሰልማ አብራቸው ሄደች። የወዬሳ ሚስት በመንገድ ሁሉ ጉልበቷን በቅቤ እያሸች ታፍታታላት ነበር። መቂን አልፈው ሐይቁ በሩቁ ሲታይ ኡሙሰልማ ጭንቀት ያዛት። ይህን ሁሉ መንገድ መጥታ እሱ እንደገና «ለመንገዱ ብቻ» ቢላትስ?

ጎጆዋ ከውሃው ፈቀቅ ብላ፣ ግራር ሥር ናት። ግማሽ ጣሪያዋ ሣር ለብሷል፤ የቀረው ግማሽ ባዶ እንጨት ነው። ራህመቶ መሬት ላይ ተቀምጦ ሣር ያስር ነበር። ሲያያት እጁ ላይ የነበረው እስር ወደቀ።

«እትዬ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

መነሣት ፈልጎ ጀርባው እምቢ አለው፤ አንድ እጁን መሬት ላይ ተክሎ ቀስ ብሎ ተነሣ። ወዬሳና ሚስቱ በቅሎዎቹን ወደ ውሃው ይዘው ወረዱ። እነሱ ይታያሉ፤ ንግግር ግን አይሰማም። ራህመቶ የምትቀመጥበት ነገር በዓይኑ ፈለገና ያልታሰረውን ሣር ሰብስቦ አነጠፈላት። ተቀመጠች። እሱ ቆመ።

«ልጄ ልውሰድሽ ብሎኛል» አለችው። «መሳፈሪያዬም ተዘጋጅቷል። ስለዚህ ለመንገዱ አታስፈልገኝም።»

«ወዬሳ ነግሮኛል። መልካም መንገድ ያድርግልዎ።»

«ሌላ የምትለኝ የለም?»

ሐይቁን አየ። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ መረቡን ድንጋይ ላይ ይዘረጋል።

«ራህመቶ፣ ይህን ያህል መንገድ የመጣሁት መልካም መንገድ እንድትለኝ አይደለም። ያን ቀን መጋዘኑ ደጃፍ የጠየቅኸኝን ደግመህ ጠይቀኝ። መንገዱን አውጥተህ ጠይቀኝ።»

ወደ ጎጆው ዞረ። ሲናገር ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

«እኔ ምን አለኝ፣ እትዬ? ጎጆዬን ያዩዋታል። ይቺን ጣሪያ እንኳ መጨረስ አቃተኝ። ጧት ጎንበስ ካልኩ የምቀናው ረፋድ ላይ ነው። እርስዎ የሱሩር ሚስት ነበሩ። እኔ ደግሞ የእሱን እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ።»

«ደህና አድርገህ ሠርተህለት ነው የበላኸው። እንኳን ያንተ ጀርባ፣ እኔም ስነሣ ግድግዳ ይዤ ነው። ወጣት ልሆንልህ አልመጣሁም። መጋዘኑን ለልጆቼ ሰጥቻለሁ፤ ቤቱም የእነሱ ነው። ከእንግዲህ የማንም እትዬ አይደለሁም። ደክሞኛል፣ ራህመቶ። ደክሞኛል የምለው ሰው ነው ያጣሁት። ያን ቀን ኒካ ስትለኝ ልቤ ዘለለች። ወዲያው ደግሞ 'ስንመለስ እርስዎ ቤትዎ' አልከኝ። ለምን እንዲያ አልከኝ?»

«ፈርቼ ነው።» አሁን ፊቱን ወደ እሷ መልሷል። «ለመንገድ ብዬሽ እምቢ ብትይኝ፣ መንገዱን ነው እምቢ ያለችው ብዬ እጽናና ነበር። ለእኔ ብዬሽ እምቢ ብትይኝ ግን ያን ደጃፍ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ያን ጣሳ ከማን እጅ እቀበላለሁ?»

ብትይኝ አላት። ይህን ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አንቺ ብሏት አያውቅም። እሱ ልብ አላለውም። እሷ ግን ቃሉ ከጆሮዋ ወርዶ ደረቷ ላይ ሲቀመጥ ተሰማት፤ እንዳይወጣባት ፈርታ ትንፋሿን ያዘች።

«ኡሙሰልማ» አለ ራህመቶ። ስሟን ብቻ። «ለመንገድስ ሰው አጥቼ አላውቅም። መንገድ ላይ ሁልጊዜ ሰው አለ። ከመንገድ ስመለስ ነው የማጣው። ጭነቴን አራግፌ፣ በቅሎዎቹን አስሬ፣ ቤት ስገባ ነው። የምፈልግሽ ለዚያ ነው። ልብሽ ከፈቀደ አግቢኝ።»

ኡሙሰልማ አለቀሰች። ድምፅ የሌለው፣ የተጠራቀመ ልቅሶ ነበር፤ በባሏ ሞት ጊዜ እንኳ ገበያው ስለማይጠብቅ ያላለቀሰችው። ራህመቶ አልነካትም፤ ገና ኒካ አልታሰረም። ከሣሩ ጫፍ ላይ፣ ከእሷ ፈንጠር ብሎ፣ እያቃሰተ ተቀመጠና እስኪወጣላት ጠበቃት። ስንት ሰው «ተይ፣ አይዞሽ» ብሎ እንዳስቆማት አሰበች። ይኼ ሰው አላስቆማትም።

ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ስታበቃ፣ «ተስማምቻለሁ» አለችው።

ቆይተው ስለ ገንዘቡ ተነጋገሩ፤ መነጋገሩም ግድ ነበር። ከበቅሎዎቹ ዋጋ ግማሹ በመሬቱ ላይ ወጥቷል። የቀረውና የእሷ ስምንተኛ እጅ ሲደመር ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ግን በባቡሩ ሦስተኛ ማዕረግ፣ በመርከቡም ወለል ላይ እንደሆነ ነው። ለጣሪያው የሚተርፍ የለም።

«ሳንመለስ ክረምቱ ይገባል» አለ ራህመቶ ጎጆውን እያየ። «ያልለበሰው በኩል ይዘንብበታል።»

«ይዝነብበት። ስንመለስ አብረን እናለብሰዋለን።»

እሱ ራሱን ነቀነቀ። ሣሩ ላይ ጎን ለጎን፣ ሳይነካኩ ተቀምጠው ሐይቁን ሲያዩ፣ ኡሙሰልማ ዝምታው ለመጀመሪያ ጊዜ አልከበዳትም።

* * *

ኒካው በሼህ አብዱናሲር ቤት፣ ሐሙስ ቀን፣ ከተሲያቱ የአስር ሶላት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ሰዓቱ ደርሶ ሰው ሲቀመጥ መሐመድሰዒድ አልነበረም። ኡሙሰልማ ከመጋረጃው ወዲያ ከፋዲላና ከወዬሳ ሚስት ጋር ሆና የበሩን ድምፅ ታዳምጣለች። ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ራህመቶ አንዴ ተነሥቶ ወደ ደጅ አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

በሩ ሲከፈት የልጇን አረማመድ ለየችው።

መሐመድሰዒድ ማንንም ሳያይ ሰላምታ ሰጥቶ ራህመቶ ፊት ተቀመጠ። እጁን ዘረጋ። ሼሁ የሚሉትን ተከትሎ እናቱን ዳረ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ ግን ዓይኑን ከተጨባበጡት እጆች ላይ አላነሣም። የፋቲሓው ዱዓ ተደርጎ ሰው ሲነሣ እሱ አልተነሣም።

«ጋሼ ራህመቶ» አለ።

ጋሼ ሲለው የመጀመሪያው ነበር። ራህመቶ ጆሮውን አዘነበለ።

«እናቴ ጉልበቷን ያማታል። መርከቡ ላይ መሰላል ይኖር ይሆናል … እሷ አመመኝ አትልም። አንተ ነህ …» አልጨረሰውም።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለው ራህመቶ። «ቀስ እያልን ነው የምንወጣው።»

ከመጋረጃው ወዲያ ኡሙሰልማ የፋዲላን እጅ አጥብቃ ያዘች። ልጇ ከእሷ እየራቀ ያለ ይመስላት ነበር። ለካ ጉልበቷን ልብ ይለው ኖሯል።

በሚቀጥለው ሳምንት ተሳፈሩ። የሦስተኛው ማዕረግ ፉርጎ በሰውና በጓዝ ተጨናንቋል። ጭኮው በቅርጫት፣ ከፈኑ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ የውሃው ኮዳ ትከሻ ላይ። ኡሙሰልማ እንደ ልማዷ ዓይኗን ከጓዙ ላይ አልነቀለችም፤ ቅርጫቱ አለ፣ ጥቅሉ አለ፣ ኮዳው አለ። አዳማ ወደ ኋላ ቀርታ ባቡሩ ወደ አዋሽ ሜዳ ሲወርድ ሙቀቱ እየበረታ ሄደ። ደግማ ወደ ቅርጫቱ ስትጎነበስ ራህመቶ ክንዷን ያዛት።

«ተዪው» አላት። «ጓዙን እኔ አያለሁ። አንቺ ተኚ።»

ልትከራከረው አፏን ከፈተች። ከዚያ የሚያከራክር ነገር አጣች። ራሷን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ትከሻው አጥንት ነው፣ ላብ ላብ፣ በቅሎ በቅሎ ይሸታል። ስንት ዘመን ሲያሳድዳት የኖረው ድካም፣ የምታርፍበት ቦታ ማግኘቷን አውቆ፣ በአንድ ጊዜ መላ ሰውነቷን ወረሳት። የባቡሩ ጩኸት እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ፤ እሷም ምንም ሳትጠብቅ ተኛች።